የቀደሙን ባልና ሚስት

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ከሰው መሀል ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ይህን መጀመሪያ እወቁልኝ። ሥራዬ ላብራቶሪ ነው፤ አምቦ ውስጥ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ደምና ሽንት በማይክሮስኮፕ ሳይ ኖሬያለሁ፣ ያላየሁትን አልጽፍም፣ የሌለውን አለ አልልም፣ አክስቴ "ወንዝ ዳር የማላውቀው ሰው በስሜ ጠራኝ" ስትል "ስኳርሽን ተለኪ" ያልኳት እኔ ነኝ፣ እስከ ዛሬ ተቀይማኛለች። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ እንኳን ሰው ስለ ሕልምና ስለ ራእይ ሲመሰክር ሰዓቴን አያለሁ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። አሁን የማወራችሁን ሌላ ሰው ቢያወራልኝ ምን እንደምለው አሳምሬ አውቃለሁ። ግን የሆነው ይኸው ነው፣ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፣ እስካሁንም ለማንም አልተነፈስኩም።

ነገሩ እንዲገባችሁ ጥፋቴን ማስቀደም አለብኝ። ሌሊሴን ካገባሁ ስምንት ዓመት ሆኖኝ ነበር፣ ልጅ የለንም። ሌሊሴ የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ናት፣ ሰባ ልጅ በአንድ ክፍል ይዛ ድምጿን ከፍ የማታደርግ ሴት፣ እኔ ቤት ውስጥ ካልሲዬ ሲጠፋኝ ሰፈሩን አሰማለሁ። እናቴ ጌዶ ነው የምትኖረው፣ በየበዓሉ ስንሄድ "የሰው ልጅ ወልዶ ይስማል፣ የኔ ልጅ ግድግዳ ያያል" እያለች ሌሊሴን በነገር ትወጋታለች፣ ሌሊሴ አንገቷን ደፍታ ሳህን ታነሳለች። አንድ ቀን ሥራ ቦታ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ የራሴን የዘር ፈሳሽ ናሙና መረመርኩ። በማይክሮስኮፑ ሥር ምንም አልነበረም። ደገምኩት፣ አሁንም ምንም። ውጤቱን እንደ ልማዴ ወረቀት ላይ ጻፍኩና መጽሐፍ ውስጥ ደበቅኩት። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ እናቴ ስትናገራት እኔ ዝም ብዬ እበላ ነበር። ይህን ስጽፍ ራሱ ፊቴ ይግላል።

ሌሊሴ ወረቀቱን አገኘችው። አልጮኸችም። ልብሷን በሻንጣ አድርጋ ወንድሟ ቤት ገባች፣ የሄደችበትን ምክንያት ግን ለወንድሟም ለጓደኛም ለማንም አልተናገረችም፣ እስኪ አስቡት፣ እኔ ስሟን ሳስጠፋ እሷ ገበናዬን ሸፍና ሄደች። ለእኔ ብቻ አንድ ነገር ነገረችኝ፣ "አለመውለድህ አይደለም የጎዳኝ፣ ዝምታህ ነው፤ ለእናትህና ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎቹ በገዛ አፍህ እውነቱን ከተናገርክ እመለሳለሁ፣ ካልተናገርክ አልመለስም።" አራት ወር አለፈ፣ እኔ አልተናገርኩም። ልናገር እነሳለሁ፣ ሌላ ወሬ አንስቼ እቀመጣለሁ።

ሽማግሌያችን ኦቦ ቱሉ ይባላሉ፣ ጡረታ የወጡ መምህርና የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፣ የተጣላ ባልና ሚስት የሚያስታርቁበት የራሳቸው ዘዴ አላቸው፣ ብዙ ቤት አቁመውበታል ይባላል። ሁለታችንን አስቀምጠው እንዲህ አሉን፣ "ቅዳሜ ጠዋት ስልካችሁን ለእኔ ትሰጣላችሁ። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ሁለታችሁ ብቻ ዞር ዞር ብላችሁ ትውላላችሁ፣ ሦስት ጊዜ ትበላላችሁ፣ ሦስቴም ከአንድ ሳህን። ስለ ጠባችሁ አንድ ቃል እንዳታነሱ፣ እሱን ለማታ አስቀምጡት። ሲመሻሽ እዚህ ትመጡና ወይ ታርቀናል ትላላችሁ፣ ወይ አልታረቅንም ትላላችሁ። እኔ ከዚያ በላይ አልጠይቅም።"

ቅዳሜ ደረሰ፣ የሌሊሴ ወንድም ቪትዝ መኪናውን አዋሰን፣ ስልካችንን ኦቦ ቱሉ ቁም ሳጥናቸው ውስጥ ቆለፉበት፣ ወጣን። ቁርስ እዚያው አምቦ፣ ጨጨብሳ አዘዝን፣ አስተናጋጇ ሳህኑን እያስቀመጠች "እንደ ቅድሙ ማር ላብዛበት?" አለችኝ። "እንደ መቼው?" አልኳት፣ "እንደ ቅድሙ ነዋ" አለችና ሄደች። የገበያ ቀን ነው፣ ሰው ይበዛል፣ ተምታቶባት ነው ብዬ ተውኩት። ቤታችን እያለን ማዕድ ላይ በየተራ ነበር የምንጸልየው፣ የዛን ቀን የማን ተራ እንደሆነ ለሁለታችንም ጠፋብን፣ ሌሊሴ አጠር አድርጋ ጸለየችና በላን፣ ከአንድ ሳህን መብላት ለተኳረፈ ሰው እንዴት ከባድ እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል፣ እጅ ለእጅ እንዳንነካካ በየበኩላችን ጠርዝ ጠርዙን ነው የቆረስነው።

ከዚያ ወደ ወንጪ ሽቅብ። እመኑኝ፣ አምቦ አስራ አንድ ዓመት ኖሬ ያን መንገድ በቅጡ አይቼው አላውቅም፣ ለክትባት ዘመቻ በመኪና ኋላ ተጭኜ እያንቀላፋሁ ነው የወጣሁት። ጥቅምት ነበር፣ ኑጉ አብቦ ተራራው ግማሽ ጎኑ ቢጫ ነው፣ ከፍ እያልን ስንሄድ ገብሱ መጣ፣ ከዚያ በየቤቱ ጓሮ እንሰቱ፣ ቅጠሉ ላይ ጤዛው ገና አልረገፈም፣ አየሩ መስኮት ሲከፈት ጥርስ ያማል። ሌሊሴ መስታወቱን ዝቅ አድርጋ፣ ሰማያዊ ሻርፗን አንገቷ ላይ ጠቅልላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች፣ "እዚህ አጠገብ ተቀምጠን ይህን ሳናይ ልንሞት ነበር?" እኔም መንገዱን ትቼ እሷን አየሁ፣ ቆንጆ ናት ሚስቴ፣ በሰው ፊት አልልም እንጂ ቆንጆ ናት።

አፋፉ ላይ ደርሰን ሐይቁን ቁልቁል አየነው። ዙሪያውን ገደል፣ መሀሉ ሰማያዊ ውኃ፣ ደሴቲቱ መሀሉ ላይ፣ ጭጋጉ ከውኃው ላይ እየተነሳ ይሄዳል፣ ከታች የከብት ድምፅ ቁልጭ ብሎ ይሰማል። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሳይ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ እንጂ ሌላ አያምረኝም። ፈረስ የሚያከራይ ጎልማሳ መጣና ሰላም ሳይል ሳቀብን። "ማል ታተን? ምን ሆናችሁ? ፈረሶቹ እኮ ገና አላረፉም! አሁን ወጥታችሁ አሁን ደግሞ ልትወርዱ?"

"እኛ ገና መምጣታችን ነው" አልኩት።

"ኦቦ፣ ጨዋታ አዋቂ ነህ" አለኝና ወደ ሌሊሴ ዞረ፣ "አዴ፣ ቅድም በእግሬ ካልሄድኩ ብለሽ አስቸግረሽን፣ አሁን በፈረስ ትሄጃለሽ?"

ሌሊሴ አየችኝ። "ሌላ ሰው ነው፣ ተመሳስለንበት ነው" አልኩ፣ ቀለል አድርጌ። ሻርፗን ግን እያየ ነበር ሰውየው፣ እንደሚያውቀው ዕቃ።

በእግራችን ወረድን፣ ሌሊሴ በእግሬ ካልሄድኩ ብላ። የሰውየው ቃል ትዝ ያለኝ መንገዱን ከጋመስን በኋላ ነው፣ እሷም ትዝ ብሏት መሰለኝ ትንሽ ቆም አለችና እንደገና ቀጠለች።

ሐይቁ ዳር ጀልባ ቀዛፊው ዕድሜው ገፋ ያለ ሰው ነው፣ ስንደርስ ከተቀመጠበት ተነስቶ ኮፍያውን አወለቀልኝ። ለምን ኮፍያ እንዳወለቀልኝ አልገባኝም፣ ሳይጠየቅ ነገረን። "ሰው ሚስቱን እንዲህ ይቅርታ ሲጠይቅ በዕድሜዬ አላየሁም ኦቦ። እዚያ ድንጋይ ላይ ተንበርክከህ፣ እኔ ደግሞ እዚህ ቆሜ የምገባበት አጣሁ። እኔም ማታ ቤቴ ስገባ ለሚስቴ የምለው ነገር አለኝ፣ ከአንተ ነው የተማርኩት።"

"ምን ሲል ሰሙት?" አለች ሌሊሴ፣ ድምጿ ቀጥ ብሎ።

ቀዛፊው አፈረ፣ እግሩን አየ። "ልሰማ ብዬ አይደለም። 'ጥፋቱ የኔ ነው፣ እያወቅኩ ነው ዝም ያልኩት፣ አንቺ ስትሰደቢ እኔ እበላ ነበር' ሲል ሰማሁ።"

ወገኖቼ፣ ያን ቃል ከእኔና ከሌሊሴ በቀር በዓለም ላይ የሚያውቀው ሰው አልነበረም። እሷ ለማንም አልነገረችም፣ እኔም አፌን አልከፈትኩም። ተመሳስለንበት ነው ልል ስል ድንጋዩን አየሁት፣ ድንጋዩን የለበሰው አረንጓዴ ሽበት ላይ ሁለት የጉልበት ልክ ቦታ ተፍቆ ነበር፣ እርጥብ ነበር።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ በዚያች ደቂቃ ከፍርሃቱ ይልቅ የተሰማኝ ቅናት ነው። ማነው ይሄ ሰውዬ? እኔ አራት ወር ያቃተኝን አንድ ጠዋት ሐይቅ አይቶ ተናገረው? ሌሊሴ ድንጋዩን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ አንድ ነገር የምትጠብቅ መስላ ቆመች። ልንበረከክ እችል ነበር፣ ቦታው ተዘጋጅቶልኛል፣ ቃሉም ተነግሮኛል። እኔ ግን ምን አልኩ መሰላችሁ፣ "ኦቦ ቱሉ ስለ ጠቡ እንዳናነሳ ብለዋል።" ሕግ አክባሪ መስዬ ፍርሃቴን ሸፈንኩበት። ሌሊሴ "እሺ" አለች፣ በቃ እሺ ብቻ።

በጀልባ ዞርን። ውኃው መሀል ስንደርስ ቀዛፊው መቅዘፊያውን ከውኃው አነሳ፣ ጭጋጉ ነጭ ሆኖ ዳሩን ሸፍኖታል፣ ከወዲያ ማዶ ሰው ሳቀ። ሳቄ በሥራ ቦታ የታወቀ ነው፣ መጨረሻው ላይ ትን እንዳለው ሰው ይቆራረጣል፣ ይቀልዱብኛል። ያ ሳቅ እንደዚያው ተቆራረጠ። እኔ ከሌሊሴ ከተለየሁ ጀምሮ ስቄ አላውቅም። ከሳቁ ኋላ የሴት ሳቅ ተከተለ፣ ሌሊሴ እጇን አፏ ላይ አደረገች። "እኔ ነኝ" አለች ቀስ ብላ፣ "እንደዚያ ከሳቅኩ ቆየሁ አይደል?"

ምሳ በላይኛው ሰፈር አዴ ሹሜ የምትባል ሴት ቤት በላን፣ ቆጮ በአይብና በጎመን፣ አይቡ ትኩስ፣ ቆጮው ስስ፣ እንደዚያ ያለ ምግብ በሕይወቴ አልበላሁም ብል አላጋነንኩም። ሴትዮዋ በሩ ላይ ስታየን እጇን አጨበጨበች። "ምግቤ ጣመና ተመለሳችሁ! እኔ እኮ እስክትወጡ ድረስ ሳያችሁ ነበር፣ እሱ ሲያጎርስሽ አንቺ ስታለቅሺ፣ ኋላ ደግሞ ስትስቂ። ባሌን ጠርቼ አሳየሁት፣ 'እይ፣ ባል እንዲህ ነው' ብዬ።" እኔም "ገላቶማ" ብዬ አመሰገንኳት፣ በሌላ ሰው ጉርሻ ተመሰገንኩ። ሌሊሴ ምግቡን እያየች "ቀድመውናል እኮ" አለችኝ፣ "ሁሉንም ቀድመውናል።" ላጎርሳት እጄን አነሳሁ፣ እመኑኝ አነሳሁ፣ የሷ ዓይን ግን በሩ ላይ ነበር፣ እጄን መለስኩ።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ሳንማከር እነሱን ማሳደድ ጀመርን። ቀጥለን ልንሄድ ያሰብነው ጉደር ነበር፣ እነሱም ወደዚያው እንደቀደሙን አልጠራጠርኩም፣ ቪትዙን እንደ አምቡላንስ ነው የነዳሁት። አምቦን አልፈን ጉደር ፏፏቴው ጋ ስንደርስ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሆኗል። የጉደር ወንዝ ክረምቱ ገና አልወጣለትም፣ ውኃው ቡናማ ሆኖ እያገሳ ይወርዳል፣ ርጭቱ መንገዱ ድረስ ይመጣል፣ ፀሐይ ስትነካው ቀስተ ደመና ይሠራል፣ ልጅ ሆኜ አባቴ ትከሻው ላይ አድርጎ ያሳየኝ ቦታ ነው፣ እንደዚያን ቀን አምሮ ግን አላየሁትም። ጥበቃው በሩ ላይ "ታች ናቸው" አለን፣ ገና ሳንጠይቀው። "እነማን?" አልኩት። ደጋግሞ አየን፣ አየን፣ ከዚያ ወንበሩን ይዞ ወደ ጎጆው ገባና በሩን ዘጋው። ያን ጊዜ ነው የምር የፈራሁት።

ሌሊሴ ቀደመችኝ። እኔ መኪናውን ቆልፌ፣ ድንጋይ ጎማው ሥር አድርጌ፣ ወደ ቁልቁለቱ ስደርስ አልነበረችም። ጠራኋት፣ ውኃው ድምፄን ዋጠው። ከማዶ፣ ከወንዙ ባሻገር፣ ሁለት ሰዎች ጀርባቸውን ሰጥተው ይሄዳሉ፣ ሴትየዋ ሰማያዊ ሻርፕ አድርጋለች፣ ወንዱ ትከሻዋን አቅፏል፣ አረማመዱ፣ ቀኝ እግሩን ትንሽ ወደ ውጭ እየጣለ፣ የኔ ነው። ወንዱ ቆመ። ዞር ሊል መሰለኝ፣ እኔም ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ማይክሮስኮፕ ላይ ዓይኑን ጥሎ የኖረው ሰው፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ማንም የለም። ሌሊሴ ከታች ድንጋዮቹ መሀል ወጣች፣ ቀሚሷ ጫፉ ርሷል፣ ፊቷ ላይ ውኃ አለ፣ ፈገግ ብላለች። ከዓይኔ የጠፋችው አስር ደቂቃ ቢሆን ነው። "አየሻቸው?" አልኳት። "እንሂድ፣ ራበኝ" አለችኝ።

ሦስተኛው ገበታ ጉደር ከተማ ውስጥ ነበር፣ ጥብስ፣ በአንድ ሸክላ ላይ። እዚያ ቤት ማንም ምንም አላለንም፣ እንደ ማንኛውም እንግዳ ቆጠሩን፣ ያ ደግሞ ይብስ አስፈራኝ፣ ታዲያ እነዚያ የት ሄዱ? ሌሊሴ ግን ጸለየች፣ ረጅም ጸሎት፣ ስሜን ጠርታ፣ ከዚያ እጇን ዘርግታ አጎረሰችኝ። አራት ወር ሙሉ ያልቀመስኩትን ጉርሻ። እንባዬ መጣ፣ አልዋሻችሁም፣ ሰው ፊት ነው ያለቀስኩት። በልቤም ቆረጥኩ፣ ማታ ኦቦ ቱሉ ቤት እንደደረስኩ እናገራለሁ፣ አንድም ሳላስቀር፣ ነገ ደግሞ ጌዶ ሄጄ ለእናቴ። አምቦ እስክንገባ ድረስ ቃሉን በልቤ ስደረድር ነበር።

ሊመሻሽ ሲል ደረስን። ኦቦ ቱሉ በሩን ራሳቸው ከፈቱ፣ ውስጥ ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፣ ጠረጴዛው ላይ የተበላበት ሳህን አለ። "ምን ረሳችሁ ልጆቼ?" አሉን።

"ልናገር ነው የመጣሁት" አልኩ፣ ከመቀመጤ በፊት፣ ሐሳቤን ሳልቀይር።

ኦቦ ቱሉ ክንዴን ያዙኝ፣ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። "አሁን ደግሞ አትድገመው ልጄ፣ አንድ ጊዜ ይበቃል። እንደዚያ ያለ ነገር ለአንድ ወንድ መናገር ምን ያህል እንደሚከብድ እኛ እናውቃለን። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ ተናገርክ፣ ተገላገልክ፣ ታረቃችሁ፣ መረቅናችሁ፣ አለቀ።" ጥጉ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ ቀበል አድርገው፣ "እኛም ሌሊሴን በልባችን ስናማት ኖረናል፣ ይቅርታ ጠይቀናታል" አሉ። ኦቦ ቱሉ ስልካችንን ሊያመጡ ቁም ሳጥኑን ከፈቱ፣ ስልኮቹ ጠዋት በተቀመጡበት አሉ፣ "አይ እርጅና፣ ቅድም ሳልሰጣችሁ" ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

እኔ ሌሊሴን አየሁ። እሷ አንድ ቃል ብትል፣ "እኛ ገና አሁን ነው የመጣነው" ብትል፣ እኔም እናገር ነበር። ሌሊሴ ግን ጎንበስ ብላ የኦቦ ቱሉን ጉልበት ሳመችና "ልናመሰግን ነው የመጣነው" አለች።

በማግስቱ እሑድ እናቴ ከጌዶ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጣች፣ ቅቤ ይዛ፣ እኔን ሳታይ አልፋ ሌሊሴ እግር ላይ ወደቀች። "ልጄ ትናንት አልጋዬ ላይ ተቀምጦ ሁሉን ነገረኝ፣ አንቺም አጠገቡ ሆነሽ ከአፍሽ አንዲት ክፉ ቃል አልወጣም፣ እኔን መሬት ትዋጠኝ" እያለች። ሌሊሴ አነሳቻት፣ ሳመቻት። ሁለቱ ሲላቀሱ እኔ በር ላይ ቆሜያለሁ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ የምናገረው ተነግሮ፣ የምጠይቀው ይቅርታ ተጠይቆ አልቋል።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሰላም ነው፣ ሰው ይቀናብናል። ሌሊሴ ትስቃለች፣ ታጎርሰኛለች፣ እናቴ ልጄ ትላታለች። ምስጋና የሚገባው ሰው ካለ ያ ቀኝ እግሩን ወደ ውጭ የሚጥለው ሰው ነው፣ ከእኔ የተሻለ ወንድ ነው፣ ይህን ስል አላፍርም። አንዳንዴ ግን መንገድ ላይ የማላውቀው ሰው ኮፍያውን ሲያነሳልኝ ኋላዬን ዞሬ አያለሁ። ደግሞ አንድ ነገር ውስጤን ይበላኛል፣ እኔ ራሴ፣ በዚህ አፌ፣ ለሌሊሴ ይቅርታ ብዬ አላውቅም። እንዲሁ ዕዳ ሆኖብኝ ኖረ።

ባለፈው ሳምንት አልቻልኩም፣ ራት በልተን ስናበቃ እጇን ያዝኩና፣ "ሌሊሴ፣ አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ" ብዬ ጀመርኩ።

"ስለ ምን?" አለችኝ።

"ስለ ወረቀቱ። ይቅርታ አልጠየቅኩሽም።"

የሚያዝን ሰው አስተያየት አየችኝ፣ እጄን በሁለት እጇ ያዘችና "ጠይቀኸኛል እኮ" አለች።

"መቼ?"

"ወንጪ። ድንጋዩ ላይ ተንበርክከህ። ጉልበትህ ርሶ አይደል እንዴ በሻርፔ የጠረግኩልህ?"

ትቀልድ እንደሆነ ፊቷን አየሁ፣ አትቀልድም። ጉደር ላይ ከዓይኔ የጠፋችበት አስር ደቂቃ ትዝ አለኝ። ሳህኑን አንስታ ወደ ወጥ ቤት ሄደች። እኔ ደግሞ፣ በእግዚአብሔር ስም እምላለሁ፣ እዚያ ድንጋይ ላይ አልተንበረከክኩም።